«ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ…»

«ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅርታ አድርጊልኝ። መልካም ጾም።»

ይህን መልእክት ለአንዲት ሴት የላክኩት በ2008 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ያን ሰሞን ሁላችንም እንደምናደርገው አንዱን ጽሑፍ እየገለበጥኩ ለዘመድ አዝማድ ስበትን ነበር። ለሷ ግን ለብቻው ጻፍኩት፤ ስልኩን ይዤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጫለሁ። በማግስቱ በአክስቷ ልጅ በኩል 500 ብር ላክኩ። ለመልእክቱ መልስ አልመጣም። ብሩ በሳምንቱ በዚያው ልጅ እጅ ተመልሶ መጣ።

ተቀየምኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ የተቀየምኩት። «ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ነገሩም ለተጨማሪ ስድስት ዓመት ተዘጋ።

ዛሬ ስለ ጸጸት ልጽፍ ነው። በዚህ ቻናል ስለ ሚዲያና ስለ ኑሮ ውድነት ስጮህ ለለመዳችሁኝ ትንሽ እንግዳ ይሆንባችኋል፤ ረዘምም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ታሪኩን ለመጻፍ ሴትየዋን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከመለጠፌ በፊትም በስልክ አነበብኩላት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣችኝ፣ ወጥቷል። ሰፈሩን፣ የቤተሰቡን ሥራ፣ መለያ የሚሆነውን ሁሉ በሌላ ተክቼዋለሁ። ለምን እንደዚህ እንደምጠነቀቅ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ኅዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር፣ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ጋዜጣ ላይ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ዓመታት ሠርተው አንድ ፌስታል ብቻ አንጠልጥለው ከአውሮፕላን የሚወርዱ ነበሩ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ተመላሾች ያልጻፈ ጋዜጠኛ የለም ማለት ይቻላል። እኔም አንዲት ወጣት አገኘሁ። ሕፃን ልጇን ለእናቷ ትታ ሄዳ፣ ሁለት ዓመት ደመወዝ ሳይከፈላት ሠርታ፣ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ደርሶባት የተመለሰች። ሦስት ሰዓት ያህል አወራችኝ። ከመጀመሯ በፊት የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስሟ እንዳይወጣ፣ ሰፈሯ እንዳይታወቅ። «እሺ» አልኳት።

ስሟን ቀየርኩ። የሰፈሩንም ስም አልጠራሁም። ነገር ግን ጽሑፉ «ደረቀብኝ»። ስለዚህ እናቷ ከወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር እንጀራ እንደሚሸጡ፣ ልጅቷ እዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ እንዳነጋገረችኝ፣ ጣሪያው ላይ ምን እንደነበረ ሳይቀር ጻፍኩ። (አሁን ደግሜ ላስታውሳችሁ፣ ወፍጮ ቤት አልነበረም።) አለቃዬ ያቺን አንቀጽ አንብቦ «ሕይወት ሰጠችው» አለኝ። ደስ አለኝ። በዚያ ሰፈር ያለው ወፍጮ ቤት አንድ ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር፤ በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሳላውቅ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። አውቅ ነበር፣ ግን አላሰብኩበትም። በሁለቱ መካከል ብዙ ልዩነት አለ ብዬ ለዓመታት ተከራክሬያለሁ።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ አንድ ሰው ይዞት ወፍጮ ቤቱ ሄደ። አንድ ተማሪ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው። እናትየው ልጃቸው በሰው አገር ምን እንደደረሰባት የሰሙት ያን ቀን ነው። ከልጃቸው አፍ አይደለም፣ እንጀራ ሊገዙ ከቆሙ ሰዎች መሃል፣ ከጋዜጣ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሰፈር ናችሁ። ዝም ያለው ዝም አለ፣ ያወራው አወራ። «ገንዘብ ተቀብለው ነው ያስወሩት» የሚል ወሬ ተነሣ። እናትየው እዚያ ቦታ መሸጥ ተዉ። እሷም ወራት ሳይቆይ ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ይህን ሁሉ የነገረኝ የአክስቷ ልጅ ነው። መልሴ ምን እንደነበር አስታውሳለሁ፦ «ስሟን ቀይሬያለሁ እኮ!»

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጸጸት አልነበረብኝም እንዳትሉኝ። ነበረብኝ። ሌሊት ያነቃኝ ነበር። ታክሲ በዚያ በኩል ሲያልፍ ስልኬን አውጥቼ አጎነብሳለሁ። ግን ያ ሁሉ ጸጸት ምን አሠራኝ? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን ከበፊቱ አብዝቼ መስጠት ጀመርኩ። ስለ ተመላሾች ሌሎች ጽሑፎች ጻፍኩ፣ በጣም ተጠንቅቄ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ሥልጠና ላይ ምንጭን ስለ መጠበቅ ለጀማሪ ጋዜጠኞች አስተማርኩ። የራሴን ታሪክ «አንድ ባልደረባዬ» ብዬ ነበር የነገርኳቸው፤ አበልም ተከፍሎኛል። እነዚህ ሁሉ መጥፎ ነገሮች አይደሉም። ችግሩ አንዳቸውም እሷ ዘንድ አልደረሱም።

ጸጸት ዕዳ ነው የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ያልተነገረልን፣ ሰው ይህን ዕዳ ለአበዳሪው ሳይሆን ለሚቀለው ሰው መክፈል እንደሚወድ ነው። ሚስቱን የበደለ ባል ለእናቱ ቤት ያሠራል። ልጁን ያላሳደገ አባት የጎረቤት ልጅ ያስተምራል። የሠራተኛዋን ደመወዝ ያስቀረች እመቤት በዓመት በዓል ድሃ ታበላለች። ከውጭ ሲታይ ደግነት ነው፣ የሚበላውም ሰው ይጠግባል። የተበደለው ግን እዚያው እንደተበደለ አለ። የባሰው ደግሞ ጸጸቱ ራሱ እንደ ክፍያ መቆጠሩ ነው። «ይኸው ስንት ዓመት እየተቃጠልኩ ነው» እንላለን። መቃጠላችን ለማን ምን እንደጠቀመ አንጠይቅም። እኔ በበኩሌ ስሠቃይ ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ክፉ ብሆን ኖሮ አይሰማኝም ነበር እያልኩ።

እዚህ ላይ ቃላቱን ትንሽ መለየት ያስፈልጋል። አማርኛችን ለዚህ ነገር ሀብታም ነው፤ ጸጸት አለ፣ የኅሊና ወቀሳ አለ፣ ሐፍረት አለ፣ ይሉኝታ አለ። በንግግራችን ግን እናደባልቃቸዋለን። ይሉኝታ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ «ምን ይሉኛል» ነው። ስለ ሰው አፍ ነው። ሐፍረት ስለ ራሴ ነው፦ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ጸጸት ግን ስለ ሠራሁት ነገርና ስለ ተጎዳው ሰው ነው። ይህን ልዩነት በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ጎላ አድርጋ ካወጡት አንዷ ሔለን ብሎክ ሉዊስ ናት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ። ከሷ በኋላ ጁን ታንግኒ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለብዙ ዓመታት አጥንታዋለች። ያገኙት ነገር ሲያጥር እንዲህ ነው፦ «መጥፎ ነገር አደረግኩ» የሚል ሰው ወደ በደለው ሰው መቅረብና መጠገን ይቀናዋል። «መጥፎ ሰው ነኝ» የሚለው ግን መደበቅ፣ መራቅ፣ አንዳንዴም መቆጣትና ጥፋቱን ወደ ሌላው መወርወር ይቀናዋል።

ይህን ሳነብ የ500 ብሩን ቁጣዬን አስታወስኩ። እኔ «ጸጸት» ስለው የኖርኩት ነገር አብዛኛው ሐፍረትና ይሉኝታ ነበር። የፈራሁት የሷን ሕመም ሳይሆን «እገሌ ምንጩን ያጋለጠ ጋዜጠኛ ነው» መባልን ነው። ለዚህ ማስረጃ ብትፈልጉ፣ እሷ ምን እንደሆነች አንድም ቀን ደውዬ አልጠየቅኩም። ሥልጠናው ላይ አንዲት ጀማሪ ጋዜጠኛ እጇን አውጥታ «ሴትየዋ በመጨረሻ ምን ሆነች?» ስትለኝ «አላውቅም» አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልደነገጠም፤ ጥያቄው አልፎ ወደ ሻይ ዕረፍት ተሄደ። እኔ ግን ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከተመራማሪዎቹ በፊት ያውቁት ነበር። በኦርቶዶክሱ ቤት የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ለንስሐ አባቱ ሲናዘዝ መጀመሪያ የሚባለው «መልስ» ነው፤ ጾሙና ስግደቱ መመለሱን አይተካም። በሉቃስ ወንጌል ያለው ቀራጩ ዘኬዎስ ያታለላቸውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ የአላህ ሐቅና የሰው ሐቅ ለየብቻ ናቸው፤ የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ተውበት ቢገባ እንኳ ሐቁን ለባለቤቱ ሊመልስ ወይም ባለቤቱን አፉ ሊያስብል ግድ ነው። በባህሉም ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870 ዓ.ም. ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገቡ ድንጋይ ተሸክመው ነበር፤ ያ ፖለቲካ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ከተራው ሰው የተወሰደ ነው። ድንጋዩን የሚያወርድልህ የበደልከው ሰው ነው። ሌላ ሰው ፊት ብታወርደው ትከሻህን አሳረፍክ እንጂ አልታረቅክም።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ዛሬው ሽምግልናችን አንድ ቅሬታ ልናገር፣ ሽማግሌዎቻችንን አክብሬ። ብዙ ጊዜ ያየሁት ችኮላ ነው። ጥፋተኛው ምን እንዳጠፋ በዝርዝር ሳይናገር፣ ተበዳዩ «ለእግዚአብሔር ስትል»፣ «ለሽበታችን ስትል»፣ «ለልጆቹ ሲባል» እየተባለ ይለመናል። እምቢ ካለ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ጸጸቱ ከበዳዩ ወደ ተበዳዩ ይዛወርና ሁሉም ጉልበት ስሞ ምሳ ይበላል። ከዚያ «ከአንገት በላይ ታረቁ» እንላለን፣ ጥፋቱ የነሱ እንደሆነ ሁሉ። የ«ካለ» ይቅርታም የዚሁ ዘመድ ነው። ያስቀየምኩህ ነገር ካለ። አጥፍቼ ከሆነ። ሳላውቅ በድዬህ ከሆነ። ትሕትና ይመስላል፤ ግን የማጣራቱን ሥራ ለተበደለው ነው የሚሰጠው። አንተ ፈልገህ አግኝና ንገረኝ ነው ነገሩ።

በ2014 በአክስቷ ልጅ በኩል መጥቼ ላናግራት እንደምፈልግ አስነገርኩ። መልሷ በሁለት ቀን መጣ፦ «ይምጣ። ብር እንዳይዝ ግን።»

ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አንዲት ትንሽ ቤት፣ በር ላይ የምትሸጣቸው ነገሮች፣ ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል። ቡና አፈላችልኝ፣ እንግዳ ነኛ። ለመናገር የተዘጋጀሁትን በወረቀት ጽፌ መንገድ ላይ ስደግመው ነበር፤ ስደርስ ወረቀቱን አላወጣሁትም። «ሰፈርሽን እንደማላሳውቅ ቃል ገብቼልሽ አሳወቅኩ። ወፍጮ ቤቱን የጻፍኩት ለጽሑፉ ማማር ብዬ ነው። ወፍጮ ቤቱ አንድ እንደሆነ አውቅ ነበር» አልኳት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ያን ጊዜ ‹ካለ› ብለህ ነበር የጻፍክልኝ» አለችኝ። «‹ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ›። እኔ ያነበብኩት ከሰፈሬ ወጥቼ፣ የማላውቀው ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው።»

እናቷን ጠየቅኳት። በ2011 ማረፋቸውን ነገረችኝ። የምለው ጠፋኝ።

«አሁን ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ተነሥተህ ትሄዳለህ፣ ይቀልሃል» አለች፣ ሲኒዬን እየሞላች። «ይቅርታውን እግዜር ይስጥህ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ አለ። ልጄ ባለፈው ክረምት ስልክ ይዛለች።»

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ስጸጸት ጽሑፉን ላውርደው የሚል ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ጋዜጣው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ዌብሳይቱ ግን ነበረ። አዲስ አበባ ተመልሼ ሁለት ስልክ ደወልኩ። በሦስተኛው ቀን ወረደ። ሁለት ስልክ ነው የፈጀው። ስምንት ዓመት ሌሊት ስነቃ የነበርኩት ሰውዬ ለዚህ ሁለት ስልክ አልደወልኩም፤ ምክንያቱም ሳስብ የነበረው ስለ እኔ ነው። ምን እንደወሰድኩባት አንድ በአንድ ብቆጥር ኖሮ ጽሑፉ ከመጀመሪያዎቹ መሃል ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ጸጸት አለብኝ ለሚለኝ ሰው አሁን የምመክረው ደረቅ ነገር ነው። ወረቀት አውጣ። ምን አደረግኩ? ለማን? ያ ሰው በዚህ ምክንያት ምን አጣ? ከዚያ ውስጥ ዛሬም ሊመለስ የሚችለው የቱ ነው? «ብዙ ሰው በድያለሁ» ብለህ አትጻፍ፣ የአንድ ሰው ስም ጻፍ። «ጥሩ ወንድም አልሆንኩም» አይደለም፤ በዚህ ዓመት፣ የቤቱ ካርታ ሲዞር፣ ይህን ፈርሜያለሁ ነው። እንዲህ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ነገሩ ካሰብነው በጣም ያንሳል፣ አንድ የስልክ ጥሪ ይሆናል። ወይ ደግሞ ከጸጸታችን ይበልጣል፣ የምንከፍለው እውነተኛ ገንዘብና ክብር ይኖራል። ብዙዎቻችን የምንሸሸው ሁለተኛውን ይመስለኛል። ደግሞም ያ ሰው ላያናግረን ይችላል፣ በር ሊዘጋብን መብቱ ነው፤ ያኔ ሳንደርስበት የሚመለሰውን መመለስ እንጂ ደጅ ላይ ተኝቶ ማስጨነቅ ሌላ በደል ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፍ ነገር የማይገኝበት ጊዜም አለ። ይህን ለብቻው ልናገረው ይገባል፣ ምክንያቱም በውስጥ መስመር ከምትጽፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ናችሁ። ከኩዌት አንዲት አንባቢ ጻፈችልኝ (እንድጠቅሰው ፈቅዳለች)። አባቷ ሲሞቱ አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ይዘውባት ነበር፤ ቀብር አልደረሰችም። ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ «ጸጸት ሊገለኝ ነው» ትላለች። ጥያቄዎቹን አብረን ሄድንባቸው። ምን አደረግሽ? በየወሩ ላክሁ። መድኃኒታቸውን የገዛው ማን ነው? እኔ። መውጣት ትችዪ ነበር? አልችልም። ታዲያ ይህ ጸጸት አይደለም፣ ሐዘን ነው። ያልተለቀሰ ሐዘን፣ እርም ያልወጣለት። ለጸጸት ካሳ ይከፈላል፣ ለሐዘን ግን ልቅሶ ነው ያለው። በስልክም ቢሆን፣ እዚያው ካሉ አገር ልጆች ጋርም ቢሆን ተቀምጦ ማልቀስ። እሷ ለሦስት ዓመት ካሳ ስትከፍል ነበር፣ ለራሷ ጫማ ሳትገዛ።

ዊሊያም ኒደርላንድ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፉ ሰዎችን ሲያክም ይህንኑ አይቷል፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ተራፊዎች ጸጸት የጻፈው ነገር ዛሬም ይጠቀሳል። ምንም ያላጠፉ ሰዎች በመትረፋቸው ብቻ ራሳቸውን ይከሱ ነበር። እኛም አገር ከ2013 እስከ 2015 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከአንድ ቤት የተረፉ ስንት ሰዎች ይህን ተሸክመው እንደሚኖሩ መገመት አያስቸግርም። እነዚህን ሰዎች «ርሱት» ማለት አይረዳቸውም፤ «ምን ማድረግ ትችል ነበር?» ብሎ አብሮ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ግን አንዳንዴ ይረዳል። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ከራስ አፍ ሲወጣ ይለያል።

ደግሞ በቀን በቀን በትንሹም በትልቁም ጥፋተኛ ነኝ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመብላት፣ ምንም ነገር አለማስደሰት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብሮ ከቆየ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ምክንያት የሌለው የጥፋተኝነት ስሜት ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ለዚህ የኔ ወረቀት አይሠራም፣ ሐኪም ነው። አማኑኤል ሄደ ብሎ የሚያማን ሰው ካለ ይማ።

ወደ እናትየው ልመለስ። የሞተ ሰው በድዬ ከሆነስ ትሉኛላችሁ። እኔም ይህንኑ እሷን ጠየቅኳት፣ ሁለተኛ ስሄድ። «ለእናትሽስ ምን ላድርግ?» አልኳት፤ ጸሎተ ፍትሐት አስደርግ፣ ዝክር አውጣ የምትለኝ መስሎኝ። ገንዘብ ያለው ሰው የሚቀለው እሱ ነው። እሷ ግን አስባ «ገንዘብ ተቀብላ ነው ያስወራችው ይሉ ነበር» አለችኝ። «እስክትሞት ይህ ነገር እንደከነከናት ነው። እንዳልተቀበለች ሄደህ ንገርልኝ።»

ለማን? ለእድራቸው። የእድሩን ዳኛ በስልክ አገኘኋቸው፣ ነገሩን አስረዳኋቸው። አንድ እሑድ ከወርኃዊው ስብሰባ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ድንኳን ስለመግዛት ሲከራከሩ ቆይተው ሰው መውጣት ጀምሮ ነበር። ቆሜ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደጻፍኩ፣ ቃል ገብቼ እንዳፈረስኩ፣ ለእማማም ለልጃቸውም አንድ ሳንቲም እንዳልተከፈለ ተናገርኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «ይሄ ሁሉ ለዚህ ነው?» አለ፣ አንዳንዱም ሳቀ። እኔ አሥር ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሸክም ይዤ የመጣሁበት ነገር ለግማሹ ሰው ትዝም አይለውም። አንዲት ትልቅ ሴት ግን በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፍነው «እኔም ብያለሁ። በዚህ አፌ ብያለሁ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ስወጣ በሩ ላይ ጠብቀውኝ ልጅቷ ያለችበትን ስልክ ጠየቁኝ። ሳልጠይቃት እንደማልሰጣቸው ነገርኳቸው። ጠየቅኳት፣ ፈቀደች፣ ሰጠኋቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም።

ጽሑፉ ከዋናው ዌብሳይት ወርዷል ብያችኋለሁ። ሁለት ሌሎች ገጾች ግን ያኔ ገልብጠውት ነበር። አንደኛው ስጽፍላቸው አወረዱት። ሁለተኛው መልስ አይሰጥም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም፣ በየወሩ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ላነብላት ስደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው።

«አሁንም አለ?»

«አንድ ቦታ አለ» አልኳት።

«እሺ፣ ከዚያ አንብብልኝ» አለች።